ለቃል ፈተና የተጠራ ሰው ምን ይዞ ይቅረብ?

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የምናውቀው ወጣት በማዕርግ ተመርቆ ሥራ ሲፈልግ ወራት ካሳለፈ በኋላ ከአንድ መሥሪያ ቤት የጥሪ ደብዳቤ ደረሰው። ደብዳቤው የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነበርና ቀኑን ከገለጸ በኋላ ሰዓቱን «9፡00» ይላል። ወጣቱም ቀኑ በደረሰ ጊዜ ገላውን ታጥቦ፣ ከአጎቱ ልጅ የተዋሰውን ኮት ለብሶ፣ ጫማውን በሊስትሮ አስጠርጎ፣ ልክ በዘጠኝ ሰዓት፣ ማለት ከቀትር በኋላ፣ ከመሥሪያ ቤቱ በር ደረሰ። ዘበኛውም «ፈታኞቹ የተቀመጡት ጥዋት በሦስት ሰዓት ነው፤ ምሳ ሳይደርስ ጨርሰው ተነሥተዋል» ብሎ መለሰው። የፈረንጅ ዘጠኝ ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ከጥዋቱ ሦስት ሰዓት መሆኑን ወጣቱ ያውቃል። ዳሩ ግን ደብዳቤውን በእጁ ይዞ ለአንዲት ደቂቃ አላሰበበትም።

ይህን ታሪክ ማንሣታችን ወጣቱን ለመውቀስ አይደለም። በዚያች ቀን እናቱ ቡና አቀራርባ የምሥራች ትጠብቅ እንደ ነበረ፣ እርሱም እውነቱን ለመንገር አፍሮ «ውጤቱን በኋላ እንነግርሃለን አሉኝ» ብሎ እንደ ዋሻት ራሱ አጫውቶናል። የብዙ ዓመት ድካም በስድስት ሰዓት ልዩነት ሲመክን ማየት ያሳዝናል። ዛሬ በያመቱ ከዩኒቨርሲቲና ከኮሌጅ የሚመረቀው ወጣት ብዙ ነው፤ ለአንድ ክፍት ቦታ ተመዝጋቢው በመቶ የሚቆጠርበት ጊዜም አለ። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ተጣርቶ ለቃል ፈተና የተጠራ ሰው ከመንገዱ አብዛኛውን ጨርሷል ማለት ነው። የቀረችውን ጥቂት መንገድ እንዴት አድርጎ ቢሄዳት ይሻለዋል? በዛሬው ጽሑፋችን ስለዚሁ ጥቂት ነገር ልናመለክት አስበናል።

ከደጅ ጥናት ወደ ፈተና

በቀድሞው ዘመን በአገራችን ሥራ ወይም ሹመት የሚፈልግ ሰው ደጅ ይጠና ነበር። ከመኳንንቱ በር ቆሞ፣ ሲወጡ አጅቦ፣ ሲገቡ እጅ ነሥቶ፣ የጌታው ዓይን እስኪያርፍበት ድረስ ወራትና ዓመታት ይታገሣል። የሚመዘነው በትዕግሥቱ፣ በትውልዱና በሚያማልደው ሰው ነበር። ደጅ ጥናት የሚለው ቃል እስከ ዛሬ ከንግግራችን አለመጥፋቱ ልማዱ ምን ያህል ሥር ሰዶ እንደ ነበረ ያሳያል።

ይህ የእኛ አገር ጠባይ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር እንኳ የመንግሥት ሥራ በዘመድና በወዳጅ ይሰጥ ስለ ነበረ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1854 ኖርዝኮትና ትሬቬልያን የተባሉ ሁለት ሰዎች ቅጥር በፈተና እንዲሆን የሚያሳስብ ታዋቂ መግለጫ አቀረቡ። ቻይናውያን ግን ከዚያ አስቀድሞ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ሹሞቻቸውን በጽሑፍ ፈተና ሲመርጡ ኖረዋል፤ ያ ፈተና የቀረው በ1905 ነው። በአገራችንም በ1950ዎቹ ዓመተ ምሕረት የመንግሥት ሠራተኞችን ቅጥር በአንድ ሥርዓት የሚመራ ማዕከላዊ መሥሪያ ቤት ከተቋቋመ ወዲህ፣ ክፍት ቦታን በማስታወቂያ ገልጾ በውድድር መቅጠር በሕግ የታወቀ ነገር ሆኗል።

እዚህ ላይ አንባቢያችን «ሕጉስ ይሁን፤ ዘመድ የሌለው ሰው ግን መቼ ይቀጠራል?» ሳይል እንደማይቀር እናውቃለን። በአንዳንድ ቦታ አድልዎ የለም ብለን አንከራከርም። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። «በዘመድ ነው» ብሎ ሳይዘጋጅ የሚሄድ ሰው፣ አድልዎ በሌለበት ቦታም ጭምር ይሸነፋል። አድልዎ ያለበትን ቦታ ከበሩ ሆኖ መለየት አይቻልም፤ መዘጋጀት ግን በእጁ ነው። ደግሞም አዳይ ፈታኝ የሚወደው ያልተዘጋጀ ተፈታኝን ነው፤ ምክንያት ሳይፈልግ ይጥለዋልና።

የኤዲሶን ጥያቄዎችና የአይንስታይን መልስ

በቃል ፈተና የሚፈለገው ምንድን ነው? ብዙ ወጣቶች የሚፈለገው ብዙ ነገር በቃል መያዝ ይመስላቸዋል። ይህ አስተሳሰብ በታላላቅ ሰዎች ዘንድም ነበረ። ስመ ጥሩው አሜሪካዊ የፈጠራ ሰው ቶማስ ኤዲሶን በ1921 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሥራ ፈላጊዎችን ከመቶ በላይ የሆኑ ጥያቄዎች እያቀረበ ይፈትን ነበር። ጥያቄዎቹ ከየትኛው አገር ምን ይመጣል፣ ይህን ነገር የሠራው ማን ነው የሚሉና እነዚህን የመሳሰሉ ነበሩ። ጥያቄዎቹ በጋዜጣ በወጡ ጊዜ አገሩ ሁሉ ተነጋገረባቸው፤ ኤዲሶን የተማሩ ወጣቶች ምንም አያውቁም ሲል፣ ሌሎች ደግሞ ይህ ማስታወስን እንጂ ማሰብን አይፈትንም ብለው ተከራከሩ። በዚያው ዓመት አልበርት አይንስታይን አሜሪካን ሲጎበኝ፣ ከጥያቄዎቹ አንዱን፣ የድምፅ ፍጥነት ስንት ነው የሚለውን፣ አቀረቡለት። ሊቁም ከመጻሕፍት በቀላሉ የሚገኘውን ነገር በራሱ ውስጥ ተሸክሞ እንደማይዞር መለሰ።

ከዚህ ታሪክ ወጣቶቻችን የሚቀስሙት ትምህርት አለ። የማያውቁትን ጥያቄ መጠየቅ ውርደት አይደለም። ውርደቱ የማያውቁትን እንደሚያውቁ አድርጎ ማወራረድ ነው፤ ፈታኞቹ በሙያው የቆዩ ሰዎች ናቸውና ወዲያው ይነቁበታል። «ይህን አሁን በትክክል አላስታውሰውም፤ ነገር ግን በሥራ ላይ ብሆን ከዚህ መመሪያ አይቼ፣ ይህን ክፍል ጠይቄ አጣራዋለሁ» ብሎ የሚመልስ ሰው፣ ባያውቀውም እንኳ እንዴት እንደሚሠራ አሳይቷል።

የዘመኑ ሊቃውንትም ነገሩን በብዙ ምርምር ፈትነውታል። ፍራንክ ሽሚትና ጆን ሃንተር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ1998 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የ85 ዓመት ምርምሮችን አሰባስበው ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ለሁሉም ተወዳዳሪ አንድ ዓይነት ጥያቄ አስቀድሞ አዘጋጅቶ መልሱን በነጥብ የሚመዝን የቃል ፈተና፣ እንደ መጣለት ከሚደረግ ጭውውት ይልቅ የሠራተኛውን የወደፊት ሥራ አጥርቶ እንደሚያመለክት ገልጸዋል። በ2022 ነገሩን እንደ ገና የመረመሩ ሌሎች ሊቃውንትም ቁጥሩን ዝቅ ቢያደርጉትም፣ እንዲህ ያለውን በሥርዓት የተዘጋጀ የቃል ፈተና ከመመዘኛዎች ሁሉ በመጀመሪያው ረድፍ አስቀምጠውታል። ይህን የምናነሣው ለተፈታኞች ብቻ ብለን አይደለም። ከአንባቢዎቻችን መካከል ነገ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጠው የሚፈትኑ ወጣት ሹማምንት አሉ። ጥያቄያቸውን በጽሑፍ ሳያዘጋጁ ገብተው፣ አንዱን ስለ አገሩ፣ ሌላውን ስለ ሙያው ቢጠይቁ፣ የመረጡት የሚመስላቸውን ሰው እንጂ የሚሠራላቸውን ሰው አይሆንም።

ራስን ማመስገንና ስለ ራስ መመስከር

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንምጣ። የአገራችን ልጅ የሚያድገው በታላቅ ፊት ዓይኑን ሰብሮ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ካልጠየቁት በቀር ሳይናገር ነው። ራሱን ቢያመሰግን «ሌላ ሰው ያመስግንህ» ተብሎ ይገሠጻል። ይህ ጨዋነት ነው፤ እኛም አንነቅፈውም። ነገር ግን ያው ልጅ ሃያ ሁለት ዓመት ሲሞላው አራት ታላላቅ ሰዎች ከፊቱ ተቀምጠው «እስቲ ስለ ራስህ ንገረን፤ ከሌሎቹ በምን ትበልጣለህ?» ይሉታል። በዚህ ጊዜ ግማሹ አንገቱን ደፍቶ «እንግዲህ እናንተ ታውቃላችሁ» ይላል፤ ግማሹም ደግሞ ከመጽሐፍ ያገኘውን እየደጋገመ «እኔ ትጉህ፣ ታታሪ፣ በቡድን መሥራት የምወድ ነኝ» እያለ ቅጽሉን ይደረድራል። የመጀመሪያው አልተናገረም፤ ሁለተኛውም ቢሆን ምንም አልተናገረም።

ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል። አባቶቻችን ጨዋነትን ሳያጎድሉ መናገርን ያውቁ ነበር። በበላ ልበልሃ ሙግት ከዳኛ ፊት የሚቆም ሰው ነገሩን አስቀድሞ በልቡ አሰናድቶ፣ ዳኛውን አክብሮ፣ ቃሉን ግን ሳያሳንስ ይናገር ነበር። ከዘመቻ የተመለሰ ወታደርም ከጌታው ፊት ቀርቦ ያደረገውን በዝርዝር ሲቆጥር ነውረኛ የሚለው አልነበረም፤ የዋለበትን ቦታ ይጠራል፣ ምስክሩንም ያቆማል። እንግዲህ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። «እኔ ጎበዝ ነኝ» ማለት ራስን ማመስገን ነው፤ «በዚህ ቦታ ይህን ሠርቻለሁ፤ ይህም ሆኗል» ማለት ግን ስለ ራስ መመስከር ነው። ከፈታኝ ፊት የሚፈለገው ምስክርነቱ ነው።

ምስክርነቱም አራት ነገር ቢይዝ መልካም ነው፤ ነገሩ እንዴት እንደ ነበረ፣ ተናጋሪው ምን ኃላፊነት እንደ ነበረበት፣ እርሱ ራሱ ምን እንዳደረገና መጨረሻው ምን እንደ ሆነ። ለምሳሌ ያህል፣ አንዲት የሒሳብ ሥራ ምሩቅ በተማሪነትዋ ለልምምድ ወደ አንድ ንብረት ክፍል ተልካ ነበር እንበል። እንዲህ ብላ ልትመልስ ትችላለች፦ «በመጋዘን ያለው ወረቀት በካርዱ ላይ ከተጻፈው ቁጥር ያንስ ነበር። እኔ የታዘዝኩት ቆጠራውን እንዳግዝ ነው። ገቢ የሆነበትን ሞዴል 19 እና ወጪ የሆነበትን ሞዴል 22 በቀን ቅደም ተከተል አስቀምጬ አንድ በአንድ ከካርዱ ጋር አመሳከርኩ። ሦስት የወጪ ሰነዶች ካርዱ ላይ ሳይመዘገቡ ቀርተው ስለ ነበር፣ እነርሱ ሲመዘገቡ ቁጥሩ ገጠመ።» ይህች ልጅ ታታሪ ነኝ አላለችም፤ የሰማት ሁሉ ግን ታታሪነትዋን አይጠራጠርም። ልብ በሉ፤ የሠራችው ነገር ትንሽ ነው። ገና ከትምህርት ቤት የወጣ ሰው ታላቅ ሥራ እንዲቆጥር ማንም አይጠብቅበትም። የሚጠበቅበት ትንሹን ሥራ በሥርዓት መሥራቱን እንዲያሳይ ነው።

በዚህ አጋጣሚ ስለ አንዲት ቃል እናስጠንቅቅ። ወጣቶቻችን ከትሕትና የተነሣ «እንዲህ አደረግን፣ እንዲህ ሠራን» ማለት ያዘወትራሉ። ፈታኙ ግን ከቡድኑ ውስጥ አንዱን እንጂ ቡድኑን ሁሉ አይቀጥርም፤ የሌሎቹን ድርሻ ሳይሠርቁ «እኔ ያደረግሁት ይህን ነው» ማለት ያስፈልጋል። እኛ በጋዜጣ የምንጽፍ ሰዎች ብቻችንን ተቀምጠን «እኛ» ማለት ልማዳችን ነው፤ በዚህ ግን እኛን አትምሰሉ።

ሳይሮጡ መታጠቅ

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ ዝግጅት የሚጀመረው ጥሪው ሳይመጣ ነው። ሥራ ፈላጊ ሁሉ አንድ ደብተር ይኑረው። በእርሱም ላይ በትምህርት ቤት፣ በልምምድ፣ በማኅበር፣ በቤተሰብ ንግድም ቢሆን የሠራቸውን አምስት ወይም ስድስት ነገሮች ከላይ በገለጽነው በአራቱ መንገድ ይጻፍባቸው። አብዛኛው የፈታኝ ጥያቄ ከነዚህ በአንዱ ይመለሳል።

ጥሪው ሲደርስ ደግሞ ስለ መሥሪያ ቤቱ ማጥናት ይገባል። የተቋቋመበት ዓላማ ምንድን ነው? የሚመራበት አዋጅ ወይም ደንብ የትኛው ነው? የሚያገለግለውስ ማንን ነው? የክፍት ቦታው ማስታወቂያም መጣል የለበትም። በማስታወቂያው ላይ የተዘረዘረው ተግባር ሁሉ ሊጠየቅ የሚችል ጥያቄ ነውና፣ በእያንዳንዱ መሥመር አጠገብ «ይህን ብታዘዝ ከምን እጀምራለሁ?» ብሎ መልሱን መጻፍ ከሁሉ የሚበልጥ ጥናት ነው።

ቀኑንና ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ጽፎ ማመሳከር ያሻል። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሰዓት ብዙውን ጊዜ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ቀኑም እንዲሁ ሊያሳስት ይችላልና፣ ጥርጥር ካለ ስልክ ደውሎ መጠየቅ ነውር የለበትም። ቦታውን አስቀድሞ በዋዜማው ሄዶ ማየት ይጠቅማል፤ በአዲስ አበባ የጥዋት ታክሲ ሰልፍና የክረምት ዝናብ ለማንም አያዝኑምና። ፈተናው በኮምፒዩተር በምስል የሚደረግ ከሆነም፣ መብራትና ኔትዎርክ ቢጠፋ የት እንደሚሄዱ ቀደም ብሎ ማሰብ የዚሁ ዝግጅት ክፍል ነው።

ስለ ልብስ የምንለው አጭር ነው። ንጹሕና በልክ ይሁን። የተዋሱት ውድ ኮት ትከሻው እየወረደ ከሚያሳስብ፣ የራስ የሆነች የታጠበችና የተተኮሰች ሸሚዝ ትሻላለች። የትምህርት ማስረጃውን ዋናውንና ቅጂውን በአንድ ማኅደር አድርጎ መያዝ፣ ስልክንም ከመግባት በፊት ማጥፋት አይዘንጋ።

ከገቡ በኋላ ቆሞ እጅ መንሣት፣ ተቀመጥ ሲባሉ መቀመጥ፣ ፈታኙ በዕድሜ ታናሽ ቢሆንም «እርስዎ» ማለት የአገራችን ወግ ነው። የጠየቀውን ሰው እያዩ መመለስ ግን ድፍረት ተብሎ አይቆጠርም፤ ዓይን ለዓይን መተያየት የከበደው የጠያቂውን ግንባር ይመልከት። ጥያቄው ካልገባ «ይቅርታ፣ ጥያቄውን ይድገሙልኝ» ማለት ይቻላል። ከመመለስ በፊት ጥቂት ዝም ብሎ ማሰብም አስተዋይነት ነው፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለምን? በአማርኛ ለተጠየቀ በአማርኛ፣ በእንግሊዝኛ ለተጠየቀ በእንግሊዝኛ መመለስ ይገባልና፣ የራስን ታሪክ በሁለቱም ቋንቋ ድምፅ እያሰሙ መለማመድ ያስፈልጋል። በልብ የሚያምር ዓረፍተ ነገር ከአፍ ሲወጣ ብዙ ጊዜ ይሰበራል፤ መለማመጃውም እኅት፣ ወንድም ወይም ጓደኛ ነው።

«ድክመትህ ምንድን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ «ሥራ ማብዛቴ» ብሎ የሚመልስ ሰው ፈታኞቹን አሰልችቷል። እውነተኛውን ነገር ግን ለሥራው የማያሰጋውን ጠቅሶ፣ ለማስተካከል ምን እያደረገ እንደሆነ ቢናገር ይበልጥ ይታመናል። ስለ ደመወዝ ቢጠየቅ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ደረጃው በማስታወቂያው የተወሰነ ነው፤ በግል ድርጅት ግን ተመሳሳይ ሥራ ምን ያህል እንደሚከፈለው አስቀድሞ ጠይቆ መሄድ ይሻላል። የቀድሞ አለቃን ማማት በምንም ምክንያት አይገባም። በመጨረሻም «ጥያቄ አለህ?» ሲባል፣ «በመጀመሪያዎቹ ወራት ከዚህ ቦታ የሚጠበቀው ዋናው ሥራ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ሥራውን ያሰበበት ሰው መሆኑን ያመለክታል።

ለእኅቶቻችን አንድ ቃል እንጨምር። «ባል አለሽ? መቼ ትወልጃለሽ?» የሚል ጥያቄ እስከ ዛሬ አልጠፋም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 በሥራ ረገድ ሴቶች በጾታቸው ምክንያት ልዩነት እንዳይደረግባቸው ይከለክላል። ከፈታኝ ጋር መጣላት ሳያስፈልግ «የቤቴ ጉዳይ ሥራዬን አያሰናክለውም፤ ስለ ሥራው የሚጠየቀውን ለመመለስ ዝግጁ ነኝ» ማለት ጨዋ መልስ ነው። ወጣት ሹማምንትም ይህን ጥያቄ ከወረቀታቸው ላይ ይሠርዙት።

እንዲሁም ጥንቃቄ የሚያሻው ሌላ ነገር አለ። ቀድሞ በአራት ኪሎ ጋዜጣ ተከራይቶ ማስታወቂያ ያነብ የነበረው ሥራ ፈላጊ፣ ዛሬ ብዙውን ነገር በስልኩ በቴሌግራም ያገኛል። ከእውነተኛው ማስታወቂያ ጋር የአታላዩም አብሮ ይመጣል። ለመመዝገቢያ ወይም ለቃል ፈተና ገንዘብ በቅድሚያ ክፈሉ የሚል ሰው ሲያጋጥም፣ መሥሪያ ቤቱን ራሱን ሄዶ ሳይጠይቁ አንድ ብር መላክ አይገባም።

ያ ወጣት

ይህን ሁሉ ያደረገ ሰውም ሊወድቅ ይችላል። አንድ ቦታ ለአንድ ሰው ነውና፣ መቶ ሰው ቢዘጋጅ ዘጠና ዘጠኙ ይመለሳል። የወደቀ ሰው ግን በዚያው ዕለት ምን እንደ ተጠየቀና የት ላይ እንደ ተደናቀፈ በደብተሩ ቢጽፍ፣ ፈተናው ለሚቀጥለው ፈተና ትምህርት ይሆነዋል።

በመጀመሪያ ያነሣነው ወጣት ያን ጊዜ ስድስት ሰዓት ዘግይቶ ደርሶ ከተመለሰ በኋላ አራት ቦታ ተፈትኖ ወደቀ፤ በአምስተኛው ተቀጠረ። ለእናቱም የዚያን ቀን እውነቱን የነገራት የመጀመሪያውን ደመወዙን በእጅዋ ባስቀመጠ ዕለት ነው። እርስዋም ስቃ «አንተ ልጅ፣ ያን ጊዜ ብትነግረኝ ኖሮ እኔ በራድ ቡና ይዤ እስከ ማታ ባልጠበቅሁ» አለችው ይላል።

ዛሬ ይህ ወጣት በሚሠራበት መሥሪያ ቤት በሠራተኛ አስተዳደር ክፍል ተመድቧል። ባለፈው ጊዜ ስንጠይቀው ለተወዳዳሪዎች የሚላኩ የጥሪ ደብዳቤዎችን ሲያዘጋጅ አገኘነው። ከደብዳቤዎቹ በአንዱ ላይ ዓይናችንን ጣል ብናደርግ፣ ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር ተጽፎ፣ ከሥሩም «ከጥዋቱ 3 ሰዓት፣ በአውሮፓ አቆጣጠር 9፡00» የሚል ቃል ተሠምሮበት አየን። ይህን መሥመር ማን እንዳስገባው አልጠየቅነውም።